ሳጥኑን ምን ብላ ትሙላው? ለሐበሻ ወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ላላችሁ ወላጆች በሙሉ

ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፍላችሁ ከሌሊት ሥራ ገብቼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ልጄ አምና በዚህ ወቅት ኮሌጅ አፕላይ ታደርግ ነበር። ዘንድሮ ተራው የእናንተ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ኤስኤቲ ፈተና፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለ ካውንስለሩ፣ ስለ ስኮላርሺፕ ስታወሩ እሰማለሁ። ስለ አንድ ነገር ግን ስታወሩ አልሰማሁም። እኛም አምና አላወራንም። ልጄ ናት አፍ አውጥታ የጠየቀችኝ።

ኦክቶበር ውስጥ ነው። ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ኮመን አፕ የሚባለውን የማመልከቻ ቅጽ ትሞላለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ዘር የሚለው ጥያቄ ላይ፣ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ጋ ስትደርስ ቆመች። (ዘር ስል አገር ቤት ብሔር የምንለውን አይደለም። እዚህ የሚጠይቁት ቀለምን ነው።)

«እማ፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?»

«ጥቁር በያ! ሌላ ምን አለ?» አልኳት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር አይደለሽም፣ ሐበሻ ነሽ ስትይኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ለኮሌጅ ሲሆን ነው ጥቁር የሆንኩት?» አለችኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። የምመልስላት አጣሁ።

እውነቷን ነው። ብያታለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ መቶ ጊዜ ብያታለሁ። ፀጉሯን እንደ ክፍል ጓደኞቿ ልሠራ ስትል ብያታለሁ። የምትሰማው ዘፈን ሳይጥመኝ ሲቀር ብያታለሁ። የባሰው ደግሞ አሥራ አራት ዓመቷ ላይ የሆነው ነው። ከጓደኞቿ ጋር ልብስ ልትገዛ አንድ ሱቅ ገባች። ጥበቃው ከገባችበት እስክትወጣ ድረስ በሄደችበት ይከተላት ነበር። ነጮቹን ጓደኞቿን ዞር ብሎም አላያቸው። ቤት መጥታ እያለቀሰች ስትነግረኝ ከአፌ የወጣው፣ «ኢትዮጵያዊት መሆንሽን አልነገርሽውም?» የሚል ነበር።

«እማ፣ ፓስፖርት አልጠየቀኝም እኮ» አለችኝ።

ያን ቀን ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም።

ይህን የማወራው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነው ያሳደግናቸው። ክፋት ኖሮን አይመስለኝም፤ ፍርሃት ነው። እዚህ አገር ስንገባ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምናውቀው ከፊልም፣ ከዜናና ከእኛ ቀድመው ከመጡ ሐበሾች የሰማነውን ነበር። እነሱ ላይ የሚወርደው ዱላ በሌላ ስም ከተጠራን የማይደርስብን መሰለን። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አጸያፊ ቃልም አለ። እዚህ አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መኪና ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ልጆቹ አጠገባችን ተቀምጠው ብለነዋል። ልጆቻችን አማርኛ አይሰሙም እንላለን። ያንን ቃል ግን ሰምተዋል።

መንግሥት እኮ በዚህ ጉዳይ አልተደናገረም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር በምሳሌነት ከተጠቀሱት መሃል ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ አለ፤ ኢትዮጵያዊም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስማችን እዚያው ሳጥን ውስጥ ቃል በቃል ተጽፏል። የተደናገርነው እኛ ነን።

ከዚያ ማታ በኋላ ብዙ አነበብኩ። የሌሊት ሥራ ለዚህ ይመቻል። ያነበብኩትን ልንገራችሁ፤ ለልጄ አሥር ዓመት ቀድሜ ብነግራት ኖሮ የምለው ነገር ነው።

በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ዛሬ ለአንድ ሰርግ ከዚያ በላይ ሐበሻ እንጠራለን። ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት የሲቪል መብት ሕጉ የጸደቀበት ነው። በዚያው በ1965 አላባማ ውስጥ፣ ሴልማ በምትባል ከተማ ሰዎች ለመምረጥ መብት ሲሰለፉ በፖሊስ ዱላ ተቀጥቅጠዋል። በቀለምና በትውልድ አገር ሰውን መለየት ነውር ነው የሚለው ሐሳብ ሕግ እንዲሆን የደሙት እነዚያ ናቸው። የስደተኞች ሕግ በ1980 መጣ። ዲቪን የፈጠረው ሕግ በ1990 መጣ። ዲቪ ሲደርሰኝ እናቴ እልል ብላለች። ከዚያ እልልታ ጀርባ ሴልማ ላይ የተደበደበ ሰው እንዳለ የነገረኝ አልነበረም።

የኮሌጁም በር እንደዚያው ነው። ልጆቻችን አሁን የሚያመለክቱበትን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውሰዱ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ጥቁር አይቀበልም ነበር። የባልቲሞር ልጅ የነበረው ተርጉድ ማርሻል በገዛ አገሩ መማር ስላልቻለ ዲሲ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1933 ተመረቀ። ከዚያ ሃዋርድ ውስጥ መምህሩ የነበረውን ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተንን ይዞ የሜሪላንዱን የሕግ ትምህርት ቤት ከሰሰ። በ1935 ረቱ፤ ዶናልድ ጌይንስ መሪ የሚባል ወጣት ገባ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥቁር ተማሪ፣ ግሪጎሪ ስዋንሰንን፣ የተቀበለው በ1950 ነው። እሱም በፍርድ ቤት ትእዛዝ።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። ማርሻል ሃዋርድ ሕግ በተማረባቸው በእነዚያ ዓመታት አንድ የኛ ሰው ሃዋርድ ሕክምና ይማር ነበር። መላኩ በያን ይባላል፤ የንጉሡ ዘመድ ነው። መጀመሪያ ኦሃዮ ነበር የሚማረው። ከዚያ ሃዋርድ ገባ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን መሃል ኖረ፣ ከእነሱ አገባ፣ በ1935 በሐኪምነት ተመረቀ። ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው። ሄዶ ቁስለኛ አከመ። በኋላ ተመልሶ መጥቶ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ የሚያስተባብር ማኅበር ነው። በ1940 በአርባ ዓመቱ አረፈ። ያ ሰው «እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ከእናንተ አይደለሁም» ማለት ከማንኛችንም በላይ ይቀናው ነበር። የንጉሥ ዘመድ ነዋ! አላለም።

እነሱም አላሉንም። በ1935 ሃርለም ውስጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጥቷል። ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አብራሪ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለንጉሡ አየር ኃይል በጦርነቱ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ አብራሪ ሲያሠለጥን ኖሮ እዚያው አዲስ አበባ በ1954 ሞተ። አፈሩም እዚያ ነው።

ልጄ ይህንን ስነግራት «ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» ነው ያለችኝ። ስለማላውቅ ነው። አባቶቻችን ያውቁት የነበረውን እኛ ጣልነው።

ወደ ኮሌጁ ልመለስ። አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ፣ ልትሰሙት ይገባል።

በ2004 ሃርቫርድ ውስጥ የሕግ መምህሯ ላኒ ጊኒየርና ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ አንድ ጥያቄ አንስተው ነበር። እዚህ ካሉት ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች፣ የስደተኞች ልጆች ወይም አንድ ወላጃቸው ጥቁር ያልሆነ ናቸው፤ አራቱም አያቶቻቸው እዚህ አገር የተወለዱት፣ ዘራቸው በባርነት ከኖሩት የሚመዘዝ ልጆች የታሉ? ብለው ጠየቁ። ብዙ ሰው ቅር ተሰኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አንድ ጥናት ታተመ። በ1999 የገቡ ተማሪዎችን ነው ያየው፣ መርጠው ከሚቀበሉ 28 ኮሌጆች። ከጥቁር ተማሪዎቹ 27 በመቶው ወይ ስደተኞች ወይ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። እንደ ሃርቫርድ ባሉት፣ አይቪ ሊግ በሚባሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ደግሞ 41 በመቶ። በጠቅላላው አገር ከዚያ ዕድሜ ጥቁር ወጣቶች መሃል ግን 13 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ሰምተን «ልጆቻችን ጎበዞች ስለሆኑ ነው» እንላለን። ጎበዞች ናቸው። ግን ዲቪ ለማመልከት እንኳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ ወይም የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ከመጣነው ብዙዎቻችን አገር ቤት የተማርን ነን። እዚህ ፓርኪንግ ብንሠራም፣ ኡበር ብንነዳም ቤታችን ውስጥ ደብተር ክቡር ነው። በባርነት ዘመን በብዙ ቦታ ማንበብ በሕግ ተከልክሎ፣ ከዚያ ቤት እንዳይገዛ ተከልክሎ፣ ከዚያ ደካማ ትምህርት ቤት ተሰጥቶት ከኖረ ቤተሰብ ልጅ ጋር መነሻችን አንድ አይደለም። ኮሌጆቹ ለዚያ ልጅ ብለው ያሰናዱትን ወንበር የኛ ልጅ ሲቀመጥበት ቁጥራቸው ይሞላል። ፎቶውም ያምራል። ያ ልጅ ግን ውጭ ነው።

ልጆቻችን ቦታቸውን ይልቀቁ ማለቴ አይደለም። ልጄም አለቀቀችም። ሱቁ ውስጥ የተከተላት ሰው ፓስፖርት ካልጠየቃት፣ ሳጥኑ የእሷም ነው። የምለው ግን ማን ያሰናዳው ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ታውቅ ነው። እኛም ጎረቤቶቻችንን ቀና ብለን እናነጋግር። በ2005 ዲሲ ውስጥ ዘጠነኛው ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየም ሲባል የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውመው ነበር። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ሥራውን የሠራነው እኛ፣ ምግብ ቤቱን የከፈትነው እኛ! ሰፈሩ ግን ከእኛ በፊት የጥቁሮች ቲያትርና ሙዚቃ ማዕከል ነበር። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም በእግር የሚደረስ ነው፤ መላኩም ሳይመላለስበት አልቀረም። ዛሬ ብጠየቅ ንዴቴ ሌላ ይሆን ነበር።

ከዚያ በጁን 29፣ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ቀለምን እንደ መመዘኛ እንዳይቆጥሩ ወሰነ። ሃርቫርድና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነበሩ የተከሰሱት። ደስ ያላቸው ሐበሾች እንደነበሩ አውቃለሁ። «የኛ ልጅ በጉብዝናው ይገባል» ሲሉ ሰምቻለሁ። የእስያውያን ወላጆች ቅሬታ እውነት ነበረበት፤ ሃርቫርድ ለልጆቻቸው ለጠባይ የሚሰጠው ነጥብ ዝቅ ያለ እንደነበር ፍርድ ቤት ላይ ታይቷል። እንደ ስደተኛ እናት ያ ያመኛል። ግን በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ተመልከቱ። ኤምአይቲ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ጥቁሮቹ በፊት በአማካይ 13 በመቶ የነበሩት 5 በመቶ ሆኑ። አምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3 ወረደ። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 ወርዶ፣ በ2025 ደግሞ 11.5 ሆነ። የል ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት 14 በመቶው ላይ ቆይቷል፤ ሁሉም እኩል አልወደቀም። ከወደቀው ውስጥ ግን የኛም ልጆች አሉበት። በሩ ሲጠብ «አንተ ሐበሻ ነህ፣ እለፍ» የሚል የለም።

ሀብታሞቹ ላይ የጠበበ ነገር የለም። አባቱ ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀ ልጅ ዛሬም በብዙ ቦታ ቅድሚያ አለው። ቨርጂኒያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሜሪላንድ ደግሞ በግሎቹም ጭምር ይህንን በ2024 ከልክለዋል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የኛ ልጆች አባት ሃርቫርድ አልተማረማ።

ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ውሳኔው ውስጥ አንድ በር ትተዋል። ተማሪው ቀለሙ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ከጻፈ፣ ኮሌጁ ያንን ማየት ይችላል፤ ግን እንደ ራሱ እንደ አንድ ሰው ገጠመኝ እንጂ እንደ ሳጥን አይደለም። ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኤሴዩ፣ ልጁ ስለ ራሱ ወደሚጽፈው ጽሑፍ ዞረ። 650 ቃል። እና እዚህ ላይ ነው ዋናው ጥፋታችን የሚመጣው።

ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩባት፣ አለበለዚያ ትደናገራለች» አሉን። እኛም እሺ አልን። የተማረ ሰው ሲናገር እሺ ብለን ነው ያደግነው። አማርኛዋ በአምስት ዓመቷ ልክ እንደነበረው ቀረ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ እሑድ እሑድ ስትደውል ልጄ የምትላት ሦስት ነገር ነው። «ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። እወድሻለሁ።» ከዚያ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ስሟንም ትምህርት ቤት አሳጥረው ነው የሚጠሯት፤ ይቅለላቸው ብለን ዝም አልን። እንጀራ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ አልቋጥርም፣ ይሸታል እንዳትባል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደሌሎቹ እንድትሆን ሞረድናት።

ከዚያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ኮሌጁ «ማን ነሽ?» ብሎ ጠየቀ። እኛም ያን ጊዜ ነው የሐበሻ ቀሚሱን ከሻንጣ ያወጣነው።

እኔ ራሴ ተቀምጬ ምን እንደምትጽፍ ነገርኳት። ስለ ደርግ ጻፊ፣ ስለ ረሃቡ ጻፊ፣ አያትሽ ውኃ ከወንዝ እንዴት ትቀዳ እንደነበር ጻፊ አልኳት። ያዝኑላታል ብዬ ነው። ልጄ አንብባ አንብባ፣ «እማ፣ ይሄ ያንቺ ታሪክ ነው። እኔ አሌክሳንድሪያ ነው የተወለድኩት» አለችኝ። ያጣችውን ነገር ካላሳየሁ አይቀበሏትም የሚል ሐሳብ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ልጆቻችን ቁስል እንዲሸጡ እየገፋናቸው ነው። ያውም የራሳቸውን አይደለም፣ የኛን።

በመጨረሻ የጻፈችው ስለ እሑዱ ስልክ ነው። ስለ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች። አያቷ ብዙ ብዙ ስታወራላት እንዴት «እሺ፣ እሺ» እያለች እንደምትሰማ፣ ግማሹን በድምፅ ብቻ እንደምትገምተው። ሱቁንም ጨመረችበት። በሁለቱም በኩል ቦታ የሌለኝ ሰው ነኝ አለች፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ አይደለሽም የሚሏት ቤቷ ያሉት፣ እዚያው ነሽ የሚሏት ውጭ ያሉት። ስታነብልኝ አለቀስኩ። አንድም ቃል አልቀየርኩም።

የት እንደገባች አልነግራችሁም። ማነጻጸር እንዳትጀምሩ ነው፤ እንተዋወቃለን። ደህና ቦታ ናት፣ ዕዳም የለባትም።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር፣ በስም ብቻ አትፍሩ። ኤምአይቲና ሃርቫርድ ከ2025 ጀምሮ ገቢው ከ200,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ የትምህርት ክፍያውን ትተዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ደግሞ አልወደቀም። ግራጁዌሽን ላይ «አይቪ ሊግ ገባች» የተባለላት ልጅ ስትጨበጨብ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምረው ልጅ አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። ይህን ተዉ፣ እባካችሁ።

ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ልጃችሁ ሳጥኑ ላይ ከመድረሷ በፊት አነጋግሯት። ማን በር እንደከፈተልን ንገሯት፤ ካላወቃችሁ አብራችሁ አንብቡ። ያንን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። ኤሴዩን ለልጁ ተዉለት። ታናናሾች ካሏችሁ ደግሞ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን ዛሬ ጀምሩላቸው፤ አልረፈደም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሁለት ቋንቋ ለሚችል ተማሪ ዲፕሎማው ላይ ማኅተም ያደርጋሉ። የኛን ቋንቋ እንዴት እንደሚፈትኑ ካውንስለሩን ጠይቁት። ግን ለማኅተሙ ብላችሁ አታድርጉት። ስልክ የሚደውሉ አያቶች ስላሉ አድርጉት።

የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ እናንተንም ልለምን። በአድዋ ቀን ስለ ምኒልክ ስታስተምሩ ስለ መላኩ በያንም አንድ አሥር ደቂቃ ስጡት። ከቻላችሁ ከሃዋርድ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ጋብዛችሁ ልጆቹ ፊት አቁሙ። ይመጣሉ፤ ጠርተናቸው አናውቅም እንጂ።

ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ ኖቬምበር 1 ቀርቧል፤ ለብዙዎቹ ሌሎች ደግሞ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አለሁ። ኤሴይ አነባለሁ፣ የፋይናንሺያል ኤይድ ቅጽ አብሬ እሞላለሁ። ልጆቹን ይዛችሁ ኑ። ልጁ ሲያነብ ግን እናንተም ግቡና ስሙ፤ ውጭ መኪና ውስጥ አትጠብቁ።

አክባሪ እህታችሁ፣
አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ